ፓሽኮ ቫሳ፦ የሱልጣኑ ሹም ወይስ የአልባኒያ አርበኛ?

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ መድረክ ላይ ስለ ኦቶማን ቱርክ ሲነሳ ሁሌ ወሬያችን ሱልጣንና ጦርነት ነው። ዛሬ መሃል ላይ የቆመ ሰው ይዤ መጥቻለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰውዬው ፓሽኮ ቫሳ ይባላል። ዓረቦቹ ዋሳ ፓሻ ይሉታል። በ1825 ሰሜን አልባኒያ ውስጥ፣ ሽኮድራ ከተማ፣ ከካቶሊክ ቤተሰብ ተወለደ። ገና በ17 ዓመቱ እዚያው ከተማ በነበረው የእንግሊዝ ቆንስላ ጸሐፊ ሆኖ ተቀጠረና አምስት ዓመት ሠራ። ቋንቋ እንደ ጉንፋን ነው የሚይዘው። ጣሊያንኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ቱርክኛ፣ ግሪክኛ፣ ትንሽ እንግሊዝኛና ሰርብኛ፤ በስተርጅና ደግሞ ዓረብኛ።

በ1847 ጣሊያን ገባ። በዓመቱ አብዮት ፈነዳና ከቬኒስ ሰዎች ጋር ተሰልፎ ኦስትሪያን ተዋጋ። ቬኒስ ስትወድቅ በመርከብ ወደ አንኮና አመለጠ። እዚያ የኦቶማን ዜጋ ነህ ብለው ወደ ኢስታንቡል ሸኙት። ኢስታንቡል ላይ ኪሱ ባዶ ሆኖ ተንከራተተ፣ በኋላ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሥራ አገኘ። ለጥቂት ጊዜ ለንደን ኤምባሲ ላኩት። በ1863 ጄቭዴት ፓሻ ለሚባል የኦቶማን ሹም ጸሐፊና ተርጓሚ ሆኖ ቦስኒያ ሄደ። በ1867 ሶሪያ፣ አሌፖ ነበር። በ1883 የሊባኖስ ተራራ ገዢ ሆኖ ተሾመ፣ በ1892 ከሹመቱ ሳይወርድ ቤይሩት ላይ ሞተ።

እስከዚህ ድረስ የአንድ ታማኝ ሹመኛ ታሪክ ነው። ግራ የሚያጋባው መሃሉ ላይ ነው። በ1878 እና በ1880 መካከል ይኸው ሹመኛ፣ አልባኒያውያን ዛሬም በቃላቸው የሚያነበንቡትን ግጥም ጻፈ። አገሩን በአንድ ወቅት የተከበረች እመቤት እንደነበረች፣ አሁን ግን መሬት ላይ እንደወደቀች አድርጎ ያለቅስላታል። ከዚያ ወገኖቹን ይቆጣል። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ እያያችሁ አትከፋፈሉ፣ የአልባኒያዊ ሃይማኖቱ አልባኒያዊነቱ ነው ይላቸዋል።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። አርባ ዓመት ያህል የሱልጣኑን እንጀራ የበላ ሰው አርበኛ ሊባል ይችላል? ወይስ በሁለት ቢላዋ ነው የበላው? እኔ በበኩሌ አርበኛ ነው እላለሁ፣ ደሞዙም አያሳፍረውም። እስቲ ሞግቱኝ።

መልሶቹ

ክሩ ስለረዘመ፣ አዲስ ለሚገባ ሰው እንዲቀል ብዬ መልሶቹን በየቁጥራቸው እዚህ ተርኬያቸዋለሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም፣ ስምም አልጠራሁም። አስተያየት ጣል ሳደርግ የኔ መሆኑ ያስታውቃል።

1። የመጀመሪያው ሰው አመስግኖ ጀመረ። ስለ አልባኒያ የሚያውቀው እናት ቴሬዛንና የኮሚኒስቱን መሪ ኤንቨር ሆጃን ብቻ እንደሆነ ተናገረ። ለአገሩ ነጻነት የታገለ ሰው ስሙ እንዲህ መረሳቱ አሳዝኖታል። ሽኮድራ የባሕር ዳር ከተማ ናት ወይ ብሎም ጠየቀ።

2። ሁለተኛው በጨዋ ደንብ አረመው። ሽኮድራ ሐይቅ ዳር ነው ያለችው፣ ባሕሩ ትንሽ ራቅ ይላል፣ ከላይ ሮዛፋ የሚባለው አሮጌ ምሽግ አለ። ነጻነት የሚለውን ግን ቀስ አለ። በቫሳ ዘመን አልባኒያውያን ከሱልጣኑ እንገንጠል አላሉም። ጥያቄያቸው ሽኮድራ፣ ኮሶቮ፣ ሞናስቲርና ያኒና የሚባሉት አራት ክፍለ ግዛቶች በአንድ አስተዳደር ይጠቃለሉልን ነበር። ነጻነት የታወጀው በኅዳር 1912 ቭሎራ ላይ ነው፣ ያወጀውም ኢስማኢል ኬማሊ። ቫሳ ከሞተ 20 ዓመት ሆኖታል።

3። እዚህ ጋ ጠረኑ ተቀየረ። ሦስተኛው ሰው ምንም አላለሰለሰም። ሰውየው የቅጥር ሠራተኛ ነው ባይ ነው። እንግሊዝ ሲከፍለው ለእንግሊዝ፣ ቬኒስ ሲያስጠጋው ለቬኒስ፣ ሱልጣኑ ሲሾመው ለሱልጣኑ። ግጥሙንም የጻፈው ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ አሽትቶ ነው ብሏል። አርበኛ ማለት በረሃ የወረደ ነው፣ ፓሻ ተብሎ የተሾመ ሰው አርበኛ ከተባለማ ቃሉ ረክሷል አለ። ይሄን ሰው አስታውሱት፣ ይመለሳል።

4። አራተኛው ቬኒስን ብቻ ነጥሎ መለሰለት። በግንቦት 1849 ማርጌራ የሚባለው ምሽግ በኦስትሪያ መድፍ ሲደበደብ ቫሳ እዚያ ነበር። ከተማዋ ተከባ ነበር፣ እህል አልቆ ነበር፣ በኋላ ኮሌራ ገባባት። ኦስትሪያውያን በፊኛ ላይ ቦምብ አንጠልጥለው ሁሉ ሞክረዋል። ነሐሴ ላይ እጅ ሰጠች። በእንዲህ ያለ ቦታ ማን ደሞዝ ይከፍላል ብሎ ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ቫሳ ከዚያ የወጣው መጽሐፍ ብቻ ይዞ ነው፤ ስለ ከበባውና ስለ መታሰሩ በጣሊያንኛ ጽፎ በ1850 ኢስታንቡል ላይ አሳተመ።

5። አምስተኛዋ አሜሪካ ያለች የሆስፒታል ተርጓሚ ናት። ስለ አልባኒያ ምንም አላለችም፣ ግን ከክሩ ሁሉ ልቤ የቀረው እሷ የጻፈችው ነው። ሥራቸው ላይ በሽተኛውን ሆነው ነው የሚያወሩት። ሰውየው አሞኛል ካለ አሞኛል ትላለች እንጂ አሞታል አትልም። አንድ ቀን ሐኪሙ ለአንድ ሽማግሌ ከባድ ዜና ነገራቸው። ልጃቸው አማርኛ ሰሚ ነውና ኮሪደር ላይ አስቁሞ፣ ለምን እንደዚያ አድርገሽ ነገርሻቸው፣ ማለዘብ አትችዪም ነበር ብሎ ጮኸባት። ሐኪሙ ደግሞ በሌላ ቀን፣ አንድ ዓረፍተ ነገር የተናገርኩትን ለምን አስረዘምሽው ብሏታል። መሃል የቆመ ሰው ከሁለቱም ወገን ነው የሚጠረጠረው። ለ3ኛው ሰው ያለችው ይሄንኑ ነው፦ ጌታው ብዙ ነው ማለት ልቡ የለም ማለት አይደለም።

6። አንድ መስመር ብቻ። 5ኛዋን በአሽሙር ወጋት። ዝለሉት።

7። ሰባተኛው ወደ ቦስኒያ መለሰን፣ ያነበበ ሰው እንደሆነ ያስታውቃል። ጄቭዴት ቱርኮች ከሚያከብሯቸው ታላላቅ የታሪክ ጸሐፊዎችና የሕግ ሰዎች አንዱ ነው፣ በኋላ የኦቶማንን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያዘጋጀው ጉባኤ መሪም ሆኗል። ቦስኒያ የተላከው አገሩን ዞሮ እንዲመረምርና እንዲያስተካክል ነበር። ከሥራዎቹ አንዱ ቦስኒያውያን ወታደርነትን እንዲቀበሉ ማግባባት ነው፣ ይሄ ደግሞ እዚያ አገር እሳት ነበር። ከጸደይ 1863 እስከ ጥቅምት 1864 ቆይተዋል። ቫሳ አብሮ ዞረ፣ ጻፈ፣ ተረጎመ፣ ሲመለስም የጉዞውን ታሪክ በፈረንሳይኛ በ1865 አሳተመ። የ7ኛው ሰው ነጥብ፣ ቫሳ አንድን ግዛት እንዴት ማስተካከል እንደሚቻል ያየው ቦስኒያ ላይ ነው፣ በኋላ ለአልባኒያም የጠየቀው ያንኑ ነው የሚል ነው። አንድ አስተዳደር፣ አገሬው ቋንቋውን የሚያውቅ ሹም፣ ትምህርት ቤት። ይሄን እኔ አላሰብኩትም ነበር፣ ልክ ይመስለኛል።

8። ስምንተኛው ከርዕሱ ወጣ። ግን እንዲህ ያለ መውጣት ቢበዛ ደስ ይለኛል። እውነተኛ የአልባኒያ ዲፕሎማትና ተርጓሚ የምትፈልጉ ከሆነ 300 ዓመት ወደኋላ ሂዱና ባርቶሎሜዮ ብሩቲን ፈልጉ አለ።

ታሪኩን ሰብሰብ ላድርገው። ብሩቲ በ1557 ዛሬ ሞንቴኔግሮ ውስጥ ባለችው የባሕር ዳር ከተማ ኡልቺኝ ተወለደ። ያኔ ከተማዋ በቬኒስ እጅ ነበረች። በ1571 ኦቶማኖች ያዟት፣ አባቱ ተገደለ፣ ቤተሰቡ ዛሬ ስሎቬኒያ ውስጥ ወዳለችው ኮፐር ተሰደደ። ቬኒስ ደግሞ ኢስታንቡል ባለው ወኪሏ ቤት ወጣቶችን እየላከች ቱርክኛ የምታስተምርበት አሠራር ነበራት። በግሪክና በአይሁድ አስተርጓሚዎች ከመመካት የራሷን ማሠልጠን ሻለች። ብሩቲ ገና ልጅ ሳለ እዚያ ተላከ። አባቱን ከገደለው መንግሥት ዋና ከተማ ማለት ነው። ኢስታንቡል ደግሞ ዘመድ አለው፤ አምስት ጊዜ ጠቅላይ ቪዚር፣ ማለትም የሱልጣኑ ዋና ሚኒስትር፣ የሆነው አልባኒያዊው ሲናን ፓሻ። ብሩቲ ለስፔን ሰለለ፣ ኋላ ሞልዳቪያ ገባ፣ በሲናን በኩል ገፍቶ ፔትሩ የሚባለውን ገዢ ወንበሩ ላይ መለሰ፣ ራሱም እዚያ ትልቅ ሰው ሆነ። በ1590 ፖላንድና ኦቶማን ጦር ሊማዘዙ ሲሉ በማስታረቁ ሥራ ተሳተፈ፣ ፖላንዶችም የመኳንንት ማዕረግ ሰጡት።

9። ዘጠነኛው ለ8ኛው ማረሚያ አለው። ብሩቲ ተርጓሚ ለመሆን ጀመረ እንጂ ትምህርቱን አልጨረሰም፣ ስለዚህ ተርጓሚ አትበሉት አለ። መጨረሻውንም የነገረን እሱ ነው። በ1592 አሮን የሚባል አዲስ የሞልዳቪያ ገዢ አስገደለው። ጌታ ሲቀየር አማላጁ አንገቱን ያጣል። 3ኛው ሰው ይሄን አንብቦ፣ ቢያንስ ይሄኛው ከፍሏል ብሎ ጣልቃ ገብቷል (10)።

11። አስራ አንደኛው ጥያቄ ነው። ይሄ ሲናን ፓሻ የየመኑ ሲናን ነው ወይ?

12። አዎ፣ እሱው ነው። አስራ ሁለተኛው ለእኛ ቀረብ የሚል ክር መዘዘ። ሲናን በ1560ዎቹ መጨረሻ የመንን መልሶ ሲይዝ እዚያ አገረ ገዢ ሆኖ ያገኘውና የተጣላው ሰው ኦስማን ፓሻ ነው። ኦስማን የኦዝደሚር ፓሻ ልጅ ነው፣ ከየመን በፊት የኦቶማን ሀበሽ ግዛት፣ ማለትም የምጽዋ ወገን፣ ገዢ ነበር። አባቱ ኦዝደሚር ምጽዋን በ1557 የያዘው ራሱ ነው፤ ብሩቲ የተወለደበት ዓመት መሆኑ እንዲያው ግጥምጥሞሽ ነው። ለምን እንደተጣሉ 12ኛው በሌላ ጊዜ እመለስበታለሁ አለ። አልተመለሰም።

13። እንደ ፈራሁት መጣ። ይሄ ሁሉ ለኛ ምን ይጠቅማል፣ የራሳችን ታሪክ ሳይጻፍ የአልባኒያን ቆንስላ እንቆጥራለን ወይ አለ።

14። አስራ አራተኛው ሞቅ ብሎ መለሰለት። ጉንደትና ጉራ ላይ የተዋጋነው ከማን ጋር ይመስልሃል አለ። በኅዳር 1875 እና በመጋቢት 1876 አፄ ዮሐንስ የደመሰሱትን ጦር የላከው የግብፁ ገዢ ኬዲቭ እስማኤል የመሐመድ ዓሊ የልጅ ልጅ ነው። መሐመድ ዓሊ ግብፅ የገባው ደግሞ የአልባኒያ ወታደሮች ይዞ ነው፣ ቤተሰቡም አልባኒያዊ ነው።

15። ከዚህ በኋላ ጉድ ፈላ። አስራ አምስተኛው መሐመድ ዓሊ አልባኒያዊ አይደለም፣ ዛሬ ግሪክ ውስጥ ያለችው የካቫላ ቱርክ ነው አለ። 14ኛው መልሶ ሰደበው። 15ኛውም አልተኛለትም። 16 እና 17 የተሰረዙት ለዚህ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ የመሐመድ ዓሊ ዘር ራሱን የቻለ ክር ይፈልጋል። ካቫላ መወለዱ፣ ወታደሮቹም አልባኒያውያን መሆናቸው አያከራክርም። እዚህ መሰዳደቡ ግን ቫሳን አንድ ስንዝር አላራመደውም።

18። አንድ ረጋ ያለ ሰው ገባና 13ኛውን በሌላ መንገድ ያዘው። መሃል የቆመ ሰው እኛም ነበረን ነው ያለው። እቴጌ እሌኒ ወደ ፖርቱጋል የላከችው ማቴዎስ አርመናዊ ነው ተብሎ ይነገራል። በ1512 ጎዋ፣ በ1514 ሊዝበን ደረሰ። በመንገድ ላይ የፖርቱጋል መኮንኖች አንተ ሰላይ ነህ እያሉ አንገላቱት፣ ንጉሡ ግን በክብር ተቀበለው። በ1520 ከፖርቱጋሎቹ መልእክተኞች ጋር ምጽዋ ከደረሰ በኋላ ወደ ቤተ መንግሥት ሳይዘልቅ መንገድ ላይ ሞተ። ከእሱ በኋላ ደግሞ ኮጃ ሙራድ አለ፣ የአሌፖ አርመናዊ፣ የጎንደር ነገሥታት ወደ ህንድና እስከ ባታቪያ (የዛሬዋ ጃካርታ) ድረስ የላኩት። ነጋዴ ነው፣ ለራሱ ያተርፋል፣ የንጉሡንም ደብዳቤ ያደርሳል። ታዲያ ኮጃ ሙራድን በሁለት ቢላዋ በላ ብለን እናውቃለን ወይ አለ። 13ኛው መልስ አልሰጠም፣ ግን ላይክ አድርጓል።

19። አወያዩ። ወደ ርዕሱ ተመለሱ።

20። ይሄ የኔ መልስ ነው። በቁጥር ስለገባ አልዘለውም። 3ኛው ሰው የዘነጋው ነገር ቢኖር ዓመቱን ነው አልኩ። በመጋቢት 1878 ሩሲያ ቱርክን አሸንፋ ሳን ስቴፋኖ ላይ ስታስፈርም፣ አልባኒያውያን የሚኖሩበት መሬት ለቡልጋሪያ፣ ለሰርቢያና ለሞንቴኔግሮ ሊቆራረስ ተመደበ። ሰኔ ላይ በርሊን ጉባኤ ተጠራ። በዚያው ሰሞን ኮሶቮ ውስጥ፣ ፕሪዝረን ላይ፣ የአልባኒያ አለቆች ተሰብስበው ሊግ የሚሉትን ማኅበራቸውን አቋቋሙ። ኢስታንቡል ውስጥም ኮሚቴ ነበር፣ ቫሳ አለበት፣ ወንድማማቾቹ አብዱልና ሳሚ ፍራሸሪ አሉበት። ለእነዚህ ሰዎች በዚያን ሰዓት ሱልጣኑ ጠላት አልነበረም። ጠላት መቀስ የያዙት ጎረቤቶች ነበሩ። ሱልጣኑ ቢወድቅ አልባኒያ የምትባል ነገር አትተርፍም። ስለዚህ ቫሳ በቱርክ ደሞዝ እየኖረ ለአልባኒያ መጻፉ ተቃርኖ አልነበረም። በ1879 ፓሪስ ላይ ያሳተመውም ስለ አልባኒያና አልባኒያውያን እውነቱ ይሄ ነው የሚል መጽሐፍ ነው። በፈረንሳይኛ የጻፈው አውሮፓ እንዲያነብለት ነው፤ መቀሱ ያለው እዚያ ነዋ። በዚያው ዓመት ከሳሚ ፍራሸሪና ከሌሎች ጋር ሆነው ለአልባኒያኛ በላቲን ላይ የተመሠረተ ፊደል አወጡ።

ረክቼ ቁጭ አልኩ።

21። 3ኛው ሰው ተመለሰ፣ ክሩን ሁሉ አንብቦ። ከዚህ ክር ውስጥ ጠንካራው መልስ ይሄ ነው፣ ጠንካራነቱን የምናገረው እየመረረኝም ቢሆን ነው። 1878ን ልቀበልህ አለ። 1880ን ምን ታደርገዋለህ? ሞንቴኔግሮ ኡልቺኝ ይሰጠኝ ስትል ሊጉ አንሰጥም ብሎ ቆመ። በኅዳር 1880 ኡልቺኝን ከአልባኒያውያን በጦር ቀምቶ ለሞንቴኔግሮ ያስረከበው የሱልጣኑ ጄኔራል ዴርቪሽ ፓሻ ነው። 8ኛው ያመጣው ብሩቲ የተወለደባት ከተማ እኮ ናት። በ1881 ያው ዴርቪሽ ሊጉን ፕሪዝረን ድረስ ሄዶ ደመሰሰው። አብዱል ፍራሸሪ ተያዘ፣ ሞት ተፈረደበት፣ ወደ ዕድሜ ልክ ተቀየረለት፣ እስር ቤት ማቅቆ ጤናውን አጥቶ ወጣ። ቫሳስ? በሐምሌ 1883 የሊባኖስ ገዢ ሆኖ ተሾመ። ሁለቱም በአንድ ዓመት፣ በ1892፣ ሞቱ። አንዱ በቤተ መንግሥት፣ አንዱ ከእስር በተረፈ ገላ። አሁን ማን ነው አርበኛው ብሎ ጨረሰ።

22። 4ኛው ሰው ቫሳን ሊያድነው ሞከረ። ሊባኖስ ውስጥ ገዢ ሆኖ እንኳ ሥራውን አላቆመም አለ። በ1887 ለንደን ላይ በስሙ መነሻ ሁለት ፊደላት ብቻ የአልባኒያኛ ሰዋስው አሳተመ፣ ያለ አስተማሪ ቋንቋውን መማር ለሚፈልግ ሰው። በ1890 ደግሞ ፓሪስ ላይ በብዕር ስም ልብ ወለድ አወጣ፣ የሽኮድራን ሕይወት የሚተርክ። የሱልጣኑ ገዢ ስሙን ደብቆ ስለ አገሩ ይጽፋል። ስሙን የደበቀው ደግሞ ስለሚፈራ ነው፣ የሚፈራው ስለሚያጣ ነው አለ 3ኛው ወዲያው (23)። በዚህ አባባሉ ብቻውን ስቄለታለሁ።

24። ሃያ አራተኛዋ ቤይሩት ብዙ ዓመት የኖረች እህታችን ናት። ትሠራበት የነበረው ቤት በዓብዳ አካባቢ ነው፣ የድሮዎቹ የተራራው ገዢዎች መቀመጫ በነበረበት ወገን። ያሳደገቻቸው ልጆች አያት ከሰዓት በረንዳ ላይ ቡና እየጠጡ የድሮ ነገር ያወሩላት ነበር። ስለ ዋሳ ፓሻ ያወሯት አንድ ነገር ብቻ ነው። ሲሞት አንድ ገጣሚ፣ ሞተ ካላችሁኝ መቃብሩ ድንጋይ ላይ ገንዘብ አቃጭሉበት፣ ያኔ ሲነሳ ታያላችሁ የሚል ግጥም ገጠመበት። አያትየው ይሄን ሲሉ የሻይ ማንኪያውን ሲኒው ላይ ቃ ቃ እያደረጉ ይስቁ ነበር። ስለ አልባኒያ ግጥሙ ግን ሰምተው አያውቁም። ሽኮድራ ላይ የሚታወቀው ሰውና ሊባኖስ ላይ የሚታወቀው ሰው ጭራሽ አይተዋወቁም አለች።

25። የሊባኖሱን ዘመን ያብራራው 7ኛው ነው። በ1860 ማሮናውያን በሚባሉት ካቶሊኮችና ድሩዝ በሚባሉት የሌላ ሃይማኖት ተከታዮች መካከል ከፈሰሰው ደም በኋላ፣ አምስት የአውሮፓ መንግሥታት ከኦቶማን ጋር ተስማምተው በ1861 ለተራራው ልዩ አስተዳደር አወጡለት። ገዢው የኦቶማን ዜጋ የሆነ ክርስቲያን መሆን አለበት፣ በተግባር የሚሾመውም ካቶሊክ ነበር፣ ሊባኖሳዊ ግን መሆን የለበትም። ሱልጣኑ ይሾመዋል፣ መንግሥታቱ ይስማሙበታል። ከጎኑ የየሃይማኖቱ ተወካዮች ያሉበት 12 አባላት ያለው ምክር ቤት አለ። ቫሳ አራተኛው ገዢ ነው፣ ከእሱ በፊት የነበረውን ሩስተም ፓሻን ፈረንሳዮች ጠልተውት ነበር የተነሳው። ስለዚህ ቫሳ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ፈረንሳይን ላለማስቀየም፣ የማሮናውያኑን ፓትርያርክ ላለማስቆጣት፣ ሱልጣኑንም ለማስደሰት ነው። ዘመኑ በጠቅላላው ሰላም ነበር። ሙስናው ግን ተረት አይደለም ብሎ አመነ። ልጁን ያገባው ሰው በሹመት ይነግድ እንደነበር የሊባኖስ ታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። ገጣሚውም እንዲሁ ክፉ ሰው አይደለም፣ ቫሳ ከሥራ ያባረረው ዳኛ ነበር፣ ቂም ነበረበት።

5ኛዋ ተርጓሚ እዚህ ጋ ተመልሳ አንድ ነገር ጠየቀች (26)። አማችህ ሲሰርቅ ዝም ማለትስ መሃል መቆም ነው ወይ አለች። ቀደም ብላ ለቫሳ የቆመችው እሷ ነበረች።

27። አንድ ባሪ፣ ጣሊያን፣ የሚሠራ ልጅ አልባኒያዊ ባልደረባውን ጠይቆት መጣ። ሰውየው የሚያወርደውን ሳጥን አስቀምጦ፣ እጁን በሱሪው ጠርጎ፣ ግጥሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ወጣው። ትምህርት ቤት ነው የተማሩት። በእነሱ ጊዜ ያ ስለ ሃይማኖት የሚለው ስንኝ ግድግዳ ላይ ይጻፍ ነበር ብሎታል።

28። ለምን እንደሚጻፍ ያስረዳው 2ኛው ነው። ኤንቨር ሆጃ በ1967 ሃይማኖትን ሲከለክል፣ ቤተ ክርስቲያኑንና መስጊዱን ሲዘጋ፣ ያ ስንኝ ለእሱ ሰርግና ምላሽ ሆነለት። ቫሳ የጻፈው ሃይማኖት አይከፋፍላችሁ ብሎ ነው፣ ራሱ ካቶሊክ ሆኖ ኖሮ ካቶሊክ ሆኖ ሞቷል፣ ሹመቱንም ያገኘው በካቶሊክነቱ ነው። በ1978፣ የፕሪዝረን ሊግ 100ኛ ዓመት ሲከበር፣ አጽሙን ከሊባኖስ አምጥተው ሽኮድራ የቀበሩት ግን ቄስ ያሰረው መንግሥት ነው። ሱልጣኑም ተጠቀመበት፣ ሆጃም ተጠቀመበት። ይሄን ሳነብ 3ኛው ሰው ምን እንደሚል ጠበቅሁ።

29። ምንም አላለም። ይልቁንስ፣ ቫሳን ለቀቅ አድርገን አብዱል ፍራሸሪንና በ1881 የታሰሩትን ሰዎች የሚመለከት ክር ይከፈትልን ብሎ አወያዩን ጠየቀ። 21 ላይ የጻፈውን ማንም ፊት ለፊት አልመለሰለትም፣ እኔም ጭምር። አሁንም አርበኛ ነው እላለሁ፣ የ1883ቱ ሹመት ግን ጉሮሮዬ ላይ ቆሟል።

30። 1ኛው ሰው ተመልሶ፣ ከቲራና ሽኮድራ በመኪና ስንት ሰዓት ይፈጃል አለ። ሁለት ሰዓት ገደማ ተብሎ ተነገረው።

አወያዩ ፈቅዷል። አዲሱ ክር የ1881 እስረኞችን ይመለከታል፣ ዛሬ ተከፍቷል። መሐመድ ዓሊ ላይ ጠብ ያላችሁ ግን እባካችሁ የራሳችሁን ክፈቱ።